ከገመድ ወደ ስሌት፦ የወራጅ ርዝመትና የክዳን ተዳፋት ታሪክ በመርሳና በአካባቢው

ቤት ሲሠራ ግድግዳው ከቆመ በኋላ የሚነሣው ዋና ጥያቄ ወራጁ ምን ያህል ይርዘም የሚለው ነው። ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ይሁን እንጂ መልሱ በሦስት ነገሮች ላይ የተመሠረተ ነው፤ ይኸውም በቤቱ ስፋት፣ በክዳኑ ከፍታና ክዳኑ በሚሠራበት ዕቃ ጠባይ ላይ ነው። ከሦስቱ አንዱ ሲለወጥ የቀሩት ሁለቱ ባሉበት ሊጸኑ አይችሉም። በሰሜን ወሎ፣ በተለይም በመርሳ ከተማና በዙሪያዋ በሚገኙት የሀብሩ ገጠሮች የተለወጠው ሦስተኛው፣ ማለትም የክዳኑ ዕቃ ነው። በአብዛኛው ሣር ቦታውን ለቆርቆሮ ለቅቋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ ለውጥ የቤት ሠሪውን የልኬት ዕውቀት እንዴት እንደለወጠው ማሳየትና በዚህ ለውጥ ውስጥ ትምህርት ቤት ምን ድርሻ እንደነበረው፣ ምንስ ሳይፈጽም እንደቀረ መመርመር ነው።

ነገሩ ለመምህራንና ለትምህርት ዕቅድ አውጪዎች የቀረበው ያለ ምክንያት አይደለም። ቆርቆሮ የሚገዛ ገበሬ የብዙ ዓመት ቁጠባውን በአንድ ቀን ከሱቅ ያወጣል። ወራጁ በተሳሳተ ልክ ከተቆረጠ ወይም ክዳኑ ከሚገባው በላይ ከተጋደመ ጉዳቱ የሚታየው በክረምት ዝናብና በነፋስ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ገንዘቡ ወጥቶ አልቋል። ይህን ጉዳት የሚያስቀረው ዕውቀት በ8ኛ ክፍል የሒሳብ መጽሐፍ ውስጥ በፓይታጎረስ ሕግ ስም ታትሞ ይገኛል። በሕጉና በወራጁ መካከል ያለው ርቀት ግን ሰፊ እንደሆነ ቆይቷል።

መርሳ ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን 490 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከወልድያ ደግሞ ወደ ደቡብ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በደሴና በወልድያ መካከል በአውራ ጎዳናው ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። በቀድሞው የግዛት አከፋፈል የጁ አውራጃ ይባል በነበረውና ዋና ከተማው ወልድያ በሆነው አውራጃ ውስጥ ነበረች፤ ዛሬ የሀብሩ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። በስተ ምዕራብ ተራራው ወደ ደጋ ይወጣል፤ በስተ ምሥራቅ ምድሩ ወደ አፋር ቆላ ይወርዳል። አካባቢው በበልግም በክረምትም ዝናብ ያገኛል፤ ሁለቱም ወቅቶች የማይታመኑ መሆናቸውን የ1966 እና የ1977 ዓ.ም. የረኃብ ዓመታት አሳይተዋል። ዝናቡ ሲመጣ ግን በኃይል ይመጣል፤ ስለዚህ የአካባቢው ቤት ክዳን በዓመት ሁለት ጊዜ ይፈተናል።

አስቀድሞ የነበረውን የክብ ሣር ቤት አሠራር ከልኬት አንፃር እንመልከት። ክብ ቤት ለመቀየስ የሚያስፈልገው አንድ ችካልና አንድ ገመድ ብቻ ነው። ችካሉ በመካከል ይተከላል፤ ገመዱ ተወጥሮ ሲዞር የግድግዳው መሠረት መሬት ላይ ይወጣል። ማዕዘን ስለሌለ ማዕዘን መለካት አያስፈልግም። በችካሉ ቦታ ምሰሶው ይቆማል። ወራጆቹ ከምሰሶው ራስ ተነሥተው በግድግዳው ራስ ላይ ስለሚያርፉ፣ ክቡ በትክክል እስከ ተሠራ ድረስ ርዝመታቸው ሁሉ እኩል ነው፤ አንዱ ከተገኘ ሁሉም ተገኘ ማለት ነው። ይህንንም አንዱን ለማግኘት ስሌት አያሻም። ገመዱን ከምሰሶው ራስ እስከ ግድግዳው ራስ መወጠርና ለክዳኑ ጥላ የሚሆን ክንድ ያህል መጨመር ይበቃል። የሚለካው በወረቀት ላይ የተሣለ ቤት ሳይሆን የቆመው ቤት ራሱ ነው።

ተዳፋቱም ቢሆን ከዚያው ገመድ ይገኛል። የሣር ክዳን ውሃን የሚያሳልፈው ጠብታው ከአገዳ ወደ አገዳ እየተላለፈ ወደ ታች ሲንሸራተት ነው፤ ክዳኑ ከተጋደመ ውሃው መንሸራተቱን ትቶ ወደ ውስጥ ይሠርጋል፣ ሣሩም ይበሰብሳል። ለዚህ ነው በዓለም ዙሪያ የሣር ክዳን ያላቸው ሕዝቦች ሁሉ በ45 ዲግሪ አቅራቢያ ወይም ከዚያ ከፍ ባለ ተዳፋት የሚሠሩት። 45 ዲግሪ ማለት ደግሞ የክዳኑ ከፍታ ከቤቱ ስፋት ግማሽ ጋር እኩል መሆኑ ነው። ስለሆነም ክቡን ያዞረው ገመድ ሳይታጠፍና ሳይጨመርበት ምሰሶው ከግድግዳው በላይ ምን ያህል መውጣት እንዳለበት ሊያመለክት ይችላል። አንድ ገመድ ወለሉንም ከፍታውንም ይሰጣል። ይህ በቁጥር ያልተጻፈ፣ ነገር ግን የተሟላ ጂኦሜትሪ ነው።

ከዚህ ሌላ የሣር ቤት ስሕተትን የሚታገሥ ቤት መሆኑን ልብ ማለት ይገባል። እንጨቱ በመጀመሪያ ረዘም ተደርጎ ይዘረጋል፤ ማገሩ በልጥ ከታሰረ በኋላ ከታች የተረፈው ይከረከማል። የጠመመ ወራጅ በጎረቤቱ ይደገፋል። ሁለትና ሦስት ጣት የሚያህል ልዩነትን የሣሩ ውፍረት ይሸፍነዋል። ቤት ሠሪው በደቦ ከተሰበሰቡት ጎረቤቶቹ ጋር በክንድና በስንዝር እየለካ ቢሠራ፣ የክንዱ ከሰው ሰው መለያየት ምንም ጉዳት አልነበረውም፤ ምክንያቱም ለአንድ ቤት የሚያገለግለው የአንድ ሰው ክንድ ነበር። የቤተ ክርስቲያን ጉልላትና በላዩ የሚሰካው የሰጎን እንቁላል የብዙ ጎብኚዎችን ዓይን ሲስብ ኖሯል፤ ጉልላቱን የተሸከመው ወራጅ ግን እምብዛም አልተጠየቀበትም።

ይህ ማለት ግን አገራችን ከክቡ ክዳን በቀር ሌላ አታውቅም ነበር ማለት አይደለም። ዝናብ በሚያንስበት በትግራይ ምድር ህድሞ የሚባለው የድንጋይ ቤት ክዳኑ የአፈር ሆኖ የተጋደመ ነው። በሌላ በኩል በሁለት ወገን የተዳፋ ክዳን በዚሁ በሰሜን ወሎ፣ በላስታ ምድር፣ ከቆርቆሮ ዘመን አስቀድሞ በብዙ መቶ ዓመታት ታውቆ ነበር። የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በዋሻ ውስጥ በድንጋይና በእንጨት ንብር የተሠራ ሲሆን፣ የመካከለኛው ክፍል ጣሪያ በሁለት ወገን ተዳፍቶ በጌጠኛ የእንጨት ማያያዣዎች ተይዟል። ሥራው የ12ኛው ምእት ዓመት ነው ተብሎ ይገመታል። እዚያ ዋሻው ዝናቡን ስለሚከለክል ተዳፋቱ ለውሃ ተብሎ የተሠራ አይደለም። በላሊበላም ከአንድ ወጥ አለት የተፈለፈለው ቤተ መድኃኔ ዓለም አናቱ በሁለት ወገን የተዳፋ ነው፤ ፈልፋዮቹ ወራጅ የሌለውን አለት ወራጅ ያለው ቤት አስመስለው ቀርጸውታል። እንግዲህ በሁለት ወገን የተዳፋ ክዳን መልክ በአካባቢው ሊቃውንትና ጠራቢዎች ዘንድ የታወቀ ነበር። የተራው ሰው ቤት ግን ክብ ሆኖ ቀጠለ፤ ሣርን የመሰለ ዕቃ እስካለ ድረስ መልኩን የሚለውጥበት ምክንያት አልነበረውም።

በሌላው ዓለም የወራጅ ጥያቄ ከጽሕፈት ጋር ቀደም ብሎ ተገናኝቷል። በብሪቲሽ ሙዚየም ከሚገኙት የባቢሎን የሸክላ ጽላቶች በአንዱ ላይ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ1,600 ዓመት በላይ የሚሆነው አንድ የትምህርት ጥያቄ ተጽፏል። በግድግዳ ላይ ቀጥ ብሎ የተደገፈ ርዝመቱ 30 የሆነ እንጨት ራሱ 6 ወደ ታች ቢንሸራተት እግሩ ከግድግዳው ምን ያህል ይርቃል? መልሱ 18 ነው፤ 18፣ 24 እና 30 የሚሉት ቁጥሮችም 3፣ 4 እና 5 በስድስት የተባዙ ናቸው። ከፓይታጎረስ ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ በፊት ይህ ጥያቄ ለተማሪ የሚቀርብ የተለመደ ልምምድ ነበር። በቻይናም እ.ኤ.አ. በ1103 ሊ ጂዬ የተባለው የመንግሥት ሹም ባሳተመው የሕንፃ ሥራ መመሪያ ላይ የክዳን ከፍታ ከስፋት ጋር ያለው ድርሻ ተደንግጓል፤ ለታላላቅ አዳራሾች ሲሶ፣ ለተራ ቤቶች ሩብ ገደማ ነበር። በእንግሊዝኛ የተጻፉ የአናጺነት መጻሕፍት ደግሞ ተዳፋትን የሚገልጹት በ12 ኢንች አግድም ስንት ኢንች ይነሣል በማለት ነው። አባባሉ ለሜትር ተጠቃሚ እንግዳ ቢመስልም፣ ቁጥር 12 ራሱ ጠቃሚ ሆኖ እንደሚገኝ ከዚህ በታች እንመለከታለን።

ቆርቆሮ ወደ አገራችን በብዛት መግባት የጀመረው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው። ቀድሞ በግመልና በበቅሎ ይጫን የነበረው ዕቃ፣ የባቡር ሐዲዱ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 ደግሞ አዲስ አበባ ሲደርስ በብዛት መምጣት ቻለ። በዚያው ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ አጋማሽ፣ የገባው ባሕር ዛፍ ቶሎ የሚያድግና ቀጥ ያለ ወራጅ ሰጠ። ቀጥ ያለ እንጨትና ጠፍጣፋ ብረት ሲገናኙ አዲሱ ቤት ሁለቱም ዋና ዕቃዎቹ ተሟሉለት። ወደ ሰሜን ወሎ የወሰደው ግን ከሁሉ በላይ መንገዱ ነው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በጣልያን ወረራ ጊዜ ከአዲስ አበባ ወደ አስመራ የተሠራው የመኪና መንገድ በመርሳ በኩል ስለሚያልፍ፣ ከዚያ በኋላ ቆርቆሮ በጭነት መኪና ከሱቅ ደጃፍ የሚወርድ ሸቀጥ ሆነ። የአናጺው ቋንቋ ሳይቀር የዚያን ዘመን አሻራ ይዞ ቀርቷል፤ ጣውላ፣ ሞራሌና ኮርኒስ የሚሉት ቃላት ከጣልያንኛ የመጡ ናቸው። ወራጅ፣ ማገርና ምሰሶ ግን የራሳችን ሆነው ኖረዋል። ይህ ጸሐፊ ከቃላቱ አከፋፈል አንድ ነገር ይረዳል፤ የመጣው የተጠረበው ዕቃ ነው እንጂ የክዳን ሐሳብ አይደለም።

ቆርቆሮ ወደ ገጠር ሲዘልቅ ሦስት ነገሮችን አብሮ ለወጠ። የመጀመሪያው የቤቱ ቅርጽ ነው። ቆርቆሮ አራት ማዕዘን ሆኖ የሚሸጥ ጠፍጣፋ ዕቃ ስለሆነ፣ ሾጣጣ ክዳን ለመሥራት እያንዳንዱ ቅጠል ወደ ላይ እየጠበበ መቆረጥ አለበት፤ የተቆረጠው ደግሞ ይጣላል። በክብ አብያተ ክርስቲያናት ላይ ይህ ሲደረግ ይታያል፤ ምእመናኑ ወጪውን ለቤተ መቅደስ ብለው ይሸከሙታል። ገበሬው ግን ስለማይችለው ቤቱን አራት ማዕዘን ማድረግን መረጠ። እርግጥ ነው፣ ለአራት ማዕዘኑ ቤት መስፋፋት የከተማ ቦታ አሰጣጥና የአልጋና የሣጥን መግባትም የየበኩላቸውን አድርገዋል። የክዳን ሣር መጥፋትም ሊዘነጋ አይገባም፤ እርሻ በተስፋፋ ቁጥር የሣር መሬት ጠበበ፣ በየጥቂት ዓመቱ የሚታደሰው የሣር ክዳንም ውድ ሆነ።

ሁለተኛው ለውጥ የማዕዘን መምጣት ነው። ክቡን ያወጣው ችካልና ገመድ አራት ማዕዘንን ብቻውን አያወጣም። ማዕዘኑ ቀጥ ካላለ ወራጆቹ እኩል ቢቆረጡም የክዳኑ አናት ይጣመማል፤ ቆርቆሮውም ከአንዱ ጫፍ ሲጀመር ልክ የነበረው ወደ ሌላው ጫፍ ሲደርስ እንደ መሰላል እየተንሸራተተ ይሄዳል። መድኃኒቱ ያው ገመድ ነው፤ በእኩል ርቀት 12 ቦታ ምልክት የተደረገበት ገመድ 3፣ 4 እና 5 ሆኖ ሲወጠር ቀጤ ማዕዘን ይሰጣል። ሁለቱን ሰያፎች ለክቶ እኩል መሆናቸውን ማረጋገጥም ያንኑ ያህል ይረዳል።

ሦስተኛውና ከሁሉም የሚከብደው ለውጥ፣ ቆርቆሮ ስሕተትን የማይታገሥ መሆኑ ነው። ሣር በእቅፍ ይጨመራል፤ ቆርቆሮ በቅጠል ይገዛል። በገበያችን የተለመደው ቅጠል ርዝመቱ 2 ሜትር፣ ስፋቱ 90 ሳንቲ ሜትር ነው። ወራጁ ከሁለት ቅጠል ጥቂት ቢበልጥ ሦስተኛ ቅጠል መግዛት ግድ ይሆናል፤ ጥቂት ቢያንስ ደግሞ የተረፈው ገንዘብ ነው። በሣር ቤት ዘመን ለወራጁ ርዝመት መልስ የሚሰጠው ቤቱ ራሱ ነበር። በቆርቆሮ ዘመን መልሱ ቤቱ ከመቆሙ በፊት፣ ቆርቆሮው ከመገዛቱ በፊት መታወቅ አለበት። ስሌት ወደ መንደሩ የገባው በዚህ በር ነው።

ጉዳዩን በአንድ ምሳሌ እናስረዳ። ስፋቱ 6 ሜትር፣ ርዝመቱ 8 ሜትር የሆነ፣ በሁለት ወገን የተዳፋ ክዳን ያለው ቤት እንውሰድ። የስፋቱ ግማሽ 3 ሜትር ነው። ይህን በ25 ሳንቲ ሜትር ብንከፍለው 12 ክፍል ይሆናል። ከግድግዳው ራስ እስከ ክዳኑ አናት ያለውን ከፍታ 5 ክፍል፣ ማለትም 1 ሜትር ከ25 ብናደርገው፣ ወራጁ በትክክል 13 ክፍል፣ ማለትም 3 ሜትር ከ25 ይሆናል። ምክንያቱም የ5 ዳግም ርቢ 25፣ የ12 ዳግም ርቢ 144 ሲሆን፣ ድምራቸው 169 የ13 ዳግም ርቢ ነው። ዳግም ዘር ማውጣት ሳያስፈልግ፣ ክፍልፋይም ሳይተርፍ የወራጁ ርዝመት ተገኘ። ለክዳኑ ጥላ ከግድግዳው ውጭ 45 ሳንቲ ሜትር አግድም ብንጨምር፣ ጠቅላላው አግድም ርቀት 3 ሜትር ከ45 ይሆናል፤ ይህም በ13 ተባዝቶ ለ12 ሲካፈል 3 ሜትር ከ74 ይሰጣል። ሁለት ቅጠል ቆርቆሮ በ20 ሳንቲ ሜትር ሲደራረብ 3 ሜትር ከ80 ይሸፍናል። የቀረው 6 ሳንቲ ሜትር ከወራጁ ጫፍ አልፎ ውሃውን ወደ አሸንዳው ለመጣል የሚያስፈልገው ነው። ልኩን የምንወስደው ማገሩ በሚያርፍበት በወራጁ የላይኛው ጠርዝ ነው፤ የባሕር ዛፍ እንጨት ወደ ጫፉ እየቀጠነ ስለሚሄድ በመካከሉ ወይም በሥሩ የተለካ ርዝመት ያሳስታል።

አሁን ይህንኑ ቤት በሌላ ተዳፋት እንየው። አናጺው በሣር ቤት የለመደውን 45 ዲግሪ ቢይዝ፣ ወራጁ ከነጥላው 4 ሜትር ከ88 ስለሚሆን በእያንዳንዱ መስመር ሦስት ቅጠል ያስፈልጋል። አንዱ ቅጠል ከጎረቤቱ ጋር ተደራርቦ በስፋቱ 80 ሳንቲ ሜትር ያህል ቢሸፍንና ክዳኑ በቤቱ ርዝመት በሁለቱም ጫፍ 30 ሳንቲ ሜትር ቢወጣ፣ በአንድ ወገን 11 መስመር ይሆናል። በሁለቱ ወገን በመጀመሪያው ተዳፋት 44 ቅጠል፣ በ45 ዲግሪ ግን 66 ቅጠል ይሆናል ማለት ነው። የ22 ቅጠል ልዩነት ለአንድ ገበሬ ቤተሰብ ምን ማለት እንደሆነ ለአንባቢው መንገር አያስፈልግም።

ከዚህ ተነሥቶ ክዳን በተጋደመ ቁጥር ቁጠባ ይገኛል ብሎ የሚያስብ ሰው ብዙ ነው። በእኛ አስተያየት ይህ በጥብቅ ሊታረም የሚገባው ግምት ነው። ከፍታውን ከ1 ሜትር ከ25 ወደ 30 ሳንቲ ሜትር ብናወርደው ወራጁ ከነጥላው 3 ሜትር ከ47 ይሆናል። 27 ሳንቲ ሜትር ቀነሰ፤ የቆርቆሮው ቁጥር ግን ያው ሁለት ቅጠል ነው። ምንም ሳይቆጠብ ብዙ ነገር ጠፋ። ውሃው ቀስ ብሎ ስለሚሄድ ነፋስ በመደራረቢያው ሥር ወደ ላይ ይገፋዋል። ቆርቆሮ ቀላል ስለሆነ በተጋደመ ክዳን ላይ ነፋሱ ወደ ላይ የሚስብበት ኃይል ይበረታል፤ ሚስማሩ ከማገሩ ይነቀላል። ከሁሉም ይልቅ ደግሞ ወራጆቹ ግድግዳውን ወደ ውጭ የሚገፉበት ኃይል ይጨምራል። ክብደቱ ሳይለወጥ ከፍታው በግማሽ ቢቀነስ ግፊቱ ዕጥፍ ገደማ ይሆናል። በክብ ቤት ይህን ግፊት በግድግዳው ራስ ላይ ዙሪያውን የሚታሰረው ማገር እንደ ቀለበት ይይዘው ነበር፤ በአራት ማዕዘን የጭቃ ቤት ቀለበት ስለሌለ ሁለቱን ግድግዳዎች የሚያያይዝ አግዳሚ ያስፈልጋል። አግዳሚው ተረስቶ ግድግዳው በመካከሉ ወደ ውጭ ሆዱ የተነፋ ቤት በየመንገዱ ዳር ይታያል።

የስፋቱም ነገር እንዲሁ ነው። ስፋቱ 5 ሜትር የሆነ ቤት በዚያው ተዳፋት ወራጁ ከነጥላው 3 ሜትር ከ20 ነው፤ እርሱም ሁለት ቅጠል ይወስዳል። ስለዚህ በ44 ቅጠል 5 ሜትር ስፋት ያለው ቤት የሠራ ሰው፣ በዚያው ቆርቆሮ 6 ሜትር ሊሠራ ይችል ነበር። በ8 ሜትር ርዝመት ላይ 8 ካሬ ሜትር፣ የአንድ ትንሽ ክፍል ስፋት ያህል፣ በመደራረቢያ ውስጥ ቀረ።

እንግዲህ ትምህርት ቤት በዚህ ታሪክ ውስጥ የት ነበረ? በብዙ የገጠር ቀበሌዎች ከቤተ ክርስቲያንና ከመስጊድ ጋር የመጀመሪያውን የቆርቆሮ ክዳን ያሳየው ትምህርት ቤት ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 በኢትዮጵያና በስዊድን ትብብር በአዲስ አበባ የሕንፃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተቋቁሞ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ደግሞ በትምህርት ሚኒስቴር ሥር የነበረው የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሕንፃ ሥራ ክፍል በስዊድን ርዳታና በሕዝቡ መዋጮ በየጠቅላይ ግዛቱ በወጥ ፕላን የመማሪያ ክፍሎችን አሠራ። ወጥ ፕላን ትልቅ ጥቅም አለው፤ ቆርቆሮውና እንጨቱ አስቀድሞ ተቆጥሮ ስለሚታወቅ ብክነት የለም። ነገር ግን ስሌቱ በአዲስ አበባ ጠረጴዛ ላይ ተሠርቶ ስለመጣ፣ በቦታው የሠራው አናጺ ያገኘው ልኩን እንጂ ልኩ የተገኘበትን መንገድ አልነበረም። የትምህርት ቤቱን ክዳን አይቶ ወደ ቤቱ የተመለሰ ገበሬም መልኩን ወሰደ፤ ቁጥሩን የሚነግረው አልነበረም።

በክፍሉ ውስጥ የነበረውስ? ከ1956 ዓ.ም. ጀምሮ አማርኛ የአንደኛ ደረጃ ማስተማሪያ ቋንቋ ሲሆን ለጂኦሜትሪ ቃላት ተፈጠሩለት፤ ጎነ ሦስት፣ ቀጤ ማዕዘን፣ ዳግም ርቢ የሚሉት ተማሪው አፍ ውስጥ ገቡ። ወራጅ የሚለው ቃል ግን ወደ ሒሳቡ መጽሐፍ አልተጠራም፤ የእጅ ሥራ ትምህርት ውስጥ ቀረ። በ1967 ዓ.ም. የተጀመረው የዕድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ ተማሪዎችንና መምህራንን ወደ ገጠር አወጣ፤ ከዚያም በኋላ ትምህርትን ከምርት ጋር ማዋሐድ የሚለው የፖሊቴክኒክ ትምህርት ሐሳብ በመመሪያዎች ላይ ጎልቶ ታየ። ሐሳቡ ትክክለኛ ነበር። በተግባር ግን አብዛኛውን ጊዜ ሥራው ለብቻ፣ ሒሳቡ ለብቻ ተሰጠ፤ ተማሪው ከሰዓት በፊት የጎነ ሦስትን ሕግ ይቀዳል፣ ከሰዓት በኋላ መደብ ይቆፍራል። ሁለቱ የሚገናኙበት ሥራ አልተመረጠላቸውም።

በቅርብ ዓመታት የወጣው ሥርዓተ ትምህርት ለ7ኛና ለ8ኛ ክፍል የሙያና ቴክኒክ ትምህርትን አካቷል፤ የፓይታጎረስም ሕግ የሚሰጠው በ8ኛ ክፍል ነው። ሁለቱ ትምህርቶች በአንድ ዓመት፣ በአንድ ክፍል ውስጥ መገኘታቸው ቀድሞ ያልነበረ አጋጣሚ ነው። ለሰሜን ወሎ ደግሞ ከማናቸውም ጊዜ የበለጠ ያስፈልጋል፤ በ2013 መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ አካባቢው የጦርነት ሜዳ በሆነ ጊዜ ትምህርት ቤቶች ተጎድተዋልና፣ ክዳን መክደን የአካባቢው ዋና ሥራ ሆኖ ሰንብቷል።

የመምህሩ ሥራ አስቸጋሪ አይሆንም። በመርሳም ሆነ በውርጌሳ፣ በስሪንቃም ሆነ በግራና ያለ መምህር የራሱን የመማሪያ ክፍል ስፋት በሜትር ማስለካት፣ የክዳኑን ከፍታ ከግድግዳው ጫፍ ከሚታየው ጎነ ሦስት ላይ በቱንቢና በገመድ ማስወሰድ፣ ከዚያም የወራጁን ርዝመት በስሌት አስገኝቶ በመጨረሻ በልኬት ማስረዳት ይችላል። የአካባቢውን አናጺ ወደ ክፍል ጋብዞ ለሣር ቤት የስፋቱን ግማሽ፣ ለቆርቆሮ ቤት አምስተኛውን ያህል ከፍታ የሚሰጥበትን ምክንያት መጠየቅም ከመጽሐፉ የማይገኝ ብዙ ነገር ያስገኛል። አናጺው በዲግሪ ላይናገር ይችላል፤ ግማሽና አምስተኛ ግን ቁጥሮች ናቸው። የዕቅድ አውጪው ድርሻ ደግሞ ለዚህ የሚሆን ሰዓት በሁለቱ ትምህርቶች መርሐ ግብር ውስጥ ጎን ለጎን መመደብና በመምህራን ማሠልጠኛ የሒሳቡ እጩ መምህር ቢያንስ አንድ ጊዜ ወራጅ እንዲቆርጥ ማድረግ ነው።

ቀላሉን የጨረሱ ተማሪዎች ወደ አራት ፊት ክዳን ሊሸጋገሩ ይችላሉ። በዚህ ክዳን ከቤቱ ማዕዘን ተነሥቶ ወደ አናቱ የሚወጣው የማዕዘን ወራጅ ከሌሎቹ ይረዝማል፤ አናጺዎችም ብዙውን ጊዜ የሚሳሳቱት በእርሱ ላይ ነው። ስፋቱ 6 ሜትር፣ ከፍታው 1 ሜትር ከ25 በሆነው ቤታችን ሕጉ ሁለት ጊዜ ይሠራል። በመጀመሪያ መሬት ላይ ያለው ሰያፍ ይገኛል፤ የ3 ዳግም ርቢ ሲደመር የ3 ዳግም ርቢ 18 ነው። በዚህ ላይ የ1.25 ዳግም ርቢ 1.5625 ሲጨመር 19.5625 ይሆናል፤ ዳግም ዘሩም 4 ሜትር ከ42 ነው። ከግድግዳው ውጭ በየወገኑ 45 ሳንቲ ሜትር ጥላ ሲታከልበት የማዕዘኑ ወራጅ 5 ሜትር ከ9 ይደርሳል፤ ይህን ያህል ቀጥ ያለ እንጨት ከመቆረጡ በፊት መፈለግ አለበት።